ስለ ዴር ሡልጣን መክፈቻ

በኢየሩሳሌም ሕግ ሃይማኖትን የሚመረምረው በእጅ ሥራው ነው። በቅዱሳት መካናት ስለ ተነሣው ጠብ የቱርክ ሡልጣኖች፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1757 እና በ1852 ዓመት፥ እያንዳንዱ ወገን የያዘውን ይዞ እንዲኖር በፈርማን አዘዙ። በ1878 የተደረገው የበርሊን ውልም ይህንኑ አጸና።

እንግዲህ ሁሉ እንደ ነበረ ይኑር ከተባለ፥ የማን እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? ከስት የተባለው የእንግሊዝ ሹም በ1929 እንደ ጻፈው፥ ጣራ ወይም ወለል የማደስ ሥልጣን ያለው ባለይዞታ ነው፤ መብራት ወይም ሥዕል የሰቀለም የዚያ ዓምድ ወይም ግድግዳ ባለቤት ይባላል። ስለዚህ መነኩሴው ቀንዲል ሲሰቅል ለወገኑ ምስክር ያኖራል። ይሁን እንጂ ምስክሩን የሚሰማ ዳኛ አልተሰጠም፤ የእንግሊዝ መንግሥት በ1924 ባወጣው ትእዛዝ የቅዱሳት መካናትን ክርክር ከፍርድ ቤት አወጣው፤ ክርክሩን ይመረምራል የተባለውም ጉባኤ ከቶ አልቆመም።

ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ዴር ሡልጣን ከዚህ ሕግ በታች ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደሚነገረው፥ በ1838 መነኮሳቱ በወረርሽኝ ካለቁ በኋላ የደጁ መክፈቻ በግብጻውያን እጅ ገባ። ክርክሩ ከባዕድ ጋር ሳይሆን አንድ እምነት ካላቸው፥ ኢትዮጵያም ብዙ ዘመን ጳጳስ ስትቀበልበት ከነበረው መንበር ልጆች ጋር መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

በ1961 የዮርዳኖስ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ፈርዶ፥ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ፍርዱን አገደ። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ግብጻውያን ለጸሎት ሄደው ሳሉ ቍልፎቹ ተለወጡ፥ ኢትዮጵያውያንም መክፈቻውን ያዙ። የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1971 መክፈቻው ለግብጻውያን እንዲመለስ ቢያዝም፥ የባለቤትነቱን ነገር መንግሥት እንዲመረምር ብሎ የትእዛዙን ፍጻሜ አቆየ። መንግሥትም ኮሚቴ አቆመ እንጂ አልቈረጠም፤ ግብጻውያንም በየጊዜው አቤት አሉ።

የሕጉ ክብደት በድንጋዩ ታየ። ጣራ ማደስ ባለቤትነት ከሆነ፥ አንዱ ሊያድስ ሲነሣ ሌላው መከልከል ግድ ይሆንበታል። ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደስ ጣራ ድንጋይ ወደቀ። የእስራኤል መንግሥት ራሱ ሊጠግነው ሠራተኛ ባስገባ ጊዜ የግብጽ መነኮሳት በደጁ ተቃውመው ቆሙ፤ ፖሊስም አስወጣቸው፤ ሠራተኞቹም ገቡ።