ከአገረ ገዥነት ወደ ዋና ዳኝነት፦ የኧርል ዋረን ሁለት ወንበሮች



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ኧርል ዋረን ነው፤ ዘመኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዋረን በ1953 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነው ሲሾሙ፣ ከዚያ በፊት አንድም ቀን በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው አያውቁም ነበር። የአላሜዳ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎም የካሊፎርኒያ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ በመጨረሻም ሦስት ጊዜ የተመረጡ አገረ ገዥ ነበሩ። በአገራችን ገዥነትና ዳኝነት ለረጅም ዘመን በአንድ ሰው እጅ ስለኖሩ ይህ ሽግግር ለጆሯችን እንግዳ ላይሆን ይችላል፤ እርሳቸው የተሻገሩት ግን ሁለቱ ሥልጣኖች ተለያይተው እንዲቆሙ በተደነገገበት አገር ነው።

ብዙዎች የፖለቲካው ሰው የዳኝነት ካባ ሲደርብ ሌላ ሰው ሆነ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት የሚለያየው ሕግ በተመረመረበት በብራውን ጉዳይ፣ ሲሾሙ የጠበቋቸው ዳኞች የተከፋፈሉ ነበሩ። ዋረን በመጀመሪያው ምክክራቸው ድምፅ ሳይሰጥ ውይይት ብቻ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ። አቋሙን አንዴ ያስመዘገበ ሰው ወደ ኋላ መመለስ እንደሚከብደው ከምርጫ ዘመናቸው ሳያውቁት አልቀሩም። ከዚያ ዳኞቹን ለየብቻ ማነጋገር ያዙ። ዳኛ ጃክሰን በልብ ሕመም ሆስፒታል ስለነበሩ ረቂቁን እዚያው ድረስ ወሰዱላቸው፤ እስከ መጨረሻው ያመነቱት ዳኛ ሪድም ተቀላቀሉ። ሜይ 17 ቀን 1954 ዘጠኙም በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ፍርዱ አጭር ነው፤ ተራ ሰው ጋዜጣ ላይ አንብቦ እንዲረዳው ሆን ተብሎ የተጻፈ። በዚህ ውስጥ የማየው በ1946 የሁለቱንም ፓርቲዎች ዕጩነት በአንድ ጊዜ ያገኙትን ያንኑ አገረ ገዥ ነው።

ይበልጥ የሚያከራክረው የውክልናው ጉዳይ ነው። የካሊፎርኒያ ሴኔት 40 መቀመጫዎች በሕዝብ ብዛት አልተደለደሉም ነበር፤ ማንኛውም ካውንቲ ከአንድ በላይ ሴናተር አያገኝም። በ1960 የሕዝብ ቆጠራ ከ6 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ የነበረው ሎስ አንጀለስ አንድ ሴናተር ነበረው። በሌላው ጫፍ ሦስት ተራራማ ካውንቲዎች ተጣምረው፣ 14 ሺህ ያህል ሰው ይዘው፣ እነርሱም አንድ ነበራቸው። ይህን ለማስተካከል በ1948 ለሕዝብ ድምፅ የቀረበውን ሐሳብ አገረ ገዥ ዋረን ተቃወሙ፤ ሐሳቡም ወደቀ። በ1964 ግን ከአላባማ በመጣው የሬይኖልድስ ጉዳይ፣ የግዛት ምክር ቤቶች ሁለቱም በሕዝብ ብዛት እንዲዋቀሩ የሚያዘውን ፍርድ የጻፉት ራሳቸው ዋረን ናቸው። እንደራሴ የሚወክለው ሰውን እንጂ ዛፍንና መሬትን አይደለም አሉ። ስምንት ዳኞች ደገፉት፣ አንዱ ተቃወመ። የካሊፎርኒያ ሴኔትም በዚሁ የተነሣ ተለወጠ።

ሰውየው በ1964 ያወቁት፣ በ1948 የማያውቁት ነገር ነበርን? አይመስለኝም። የተለወጠው የሚፈሩት ነው። አገረ ገዥው የገጠሩን ካውንቲዎች ድምፅና የዚያኑ ሴኔት ይሁንታ ይሹ ነበር፤ ለዕድሜ ልክ የተሾመ ዳኛ ሁለቱንም አይሻም።

ይህ ትርጓሜ ግን አንድ ጉዳይ ላይ አይበቃም። በ1942 መጀመሪያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዋረን፣ ጃፓናዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ነዋሪዎች ከባሕር ዳርቻው እንዲወጡ አጥብቀው ተከራከሩ። ለአንድ የኮንግረስ ኮሚቴ ሲመሰክሩ፣ እስከዚያ ቀን አንድም አሻጥር አለመፈጸሙን ራሱን የአደጋ ምልክት አድርገው አቀረቡት፤ ለእንዲህ ያለው ክስ ምን ዓይነት መከላከያ ሊቀርብ እንደሚችል ለሕግ ተማሪዎቻችን እተወዋለሁ። ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ ወደ ማጎሪያ ተወሰዱ። ዋረንም በዚያው ዓመት ኅዳር አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 ይህን ማስወጣት ያጸደቀበት ፍርድ፣ ዋረን በመሩት 16 ዓመት ውስጥ አልተሻረም። በማስታወሻ መጽሐፋቸው፣ በተለይ ከቤታቸው የተነቀሉትን ሕፃናት ባሰቡ ጊዜ፣ በጥልቅ እንደተጸጸቱ ጽፈዋል። መጽሐፉ የታተመው በ1977 ነው፤ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ።