ተራ ስለ መጠበቅ፤ ብዙዎች በአንድ አየር እንዴት ይነጋገራሉ

ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የዘለቀ ሰው፣ በመስኖ የሚለሙ ማሳዎችን ያያል። በመስኖ አገር ሁሉም በአንድ ሰዓት ቦዩን ቢከፍት ውሃው ለማንም አይበቃም። ስለዚህ በአማራ አገር በብዙ ስፍራ የውሃ አባት ተመርጦ ተራ ያስጠብቃል።

አባቶቻችን የነፋስ ስልክ ያሉት ራዲዮም እንደዚሁ የጋራ ሀብት ነው። በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ባንድነት ቢናገሩ ቃላቸው ተደባልቆ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሲጓዝ፣ ካሊፎርኒያን የተባለ መርከብ በበረዶ ተከቦ መቆሙን በነፋስ ስልክ ነገረው። የታይታኒክ ቴሌግራፈኛ ግን የመንገደኞችን የግል መልእክት ያስተላልፍ ስለ ነበረ ዝም በል ሲል መለሰለት። የካሊፎርኒያን ቴሌግራፈኛም ጥቂት ቆይቶ ተኛ። በዚያው ሌሊት ታይታኒክ ከበረዶ ጋራ ተላትሞ ሰመጠ፤ 1,500 ያህል ሰው አለቀ። አየሩን የያዘው ቀድሞ የመጣው ጉዳይ እንጂ የሚያስፈልገው ጉዳይ አልነበረም።

መንግሥታት ከዚህ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1914 በለንደን ስለ ባሕር ደኅንነት ውል ተፈራረሙ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1932 የዓለም የቴሌኮሙኒካሲዮን ማኅበር አባል ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በየደሴቱ ያሉትን የሒሳብ መኪናዎች በአንድ ሞገድ አገናኙ። እያንዳንዱ በፈለገ ጊዜ ይልካል፤ መልእክቱ ከሌላው ጋራ ቢጋጭ ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ከሞገዱ ጊዜ ለሥራ የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ብቻ መሆኑ በሒሳብ ታወቀ።

ዛሬ ተራርቀው የቆሙ የውሃ መሳቢያዎችና የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በራዲዮ እየተነጋገሩ ራሳቸውን ይቈጣጠራሉ። ደብዳቤ ቢዘገይ ይነበባል፤ ለመኪና ግን ያረጀ ወሬ ካለፈ ጎርፍ በኋላ እንደሚሰማ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሊቃውንት ሌላ ሥርዓት አሰቡ፦ ከልኩ አብልጦ የራቀው መኪና አስቀድሞ ይናገር፤ ተራ ያላገኘው ወሬ ይጣልና በምትኩ አዲስ ይለካ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ደግ የውሃ አባት ተራ ሲቈጥር የጠወለገውንም ማሳ ይመለከታል። አየሩንም የሚያካፍል ሁሉ፣ ማን ቀድሞ መጣ ከማለቱ በፊት ማን ይጠፋል ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።