በእባብ ለተነደፈ ሰው፦ በመስታወት ቱቦ የሚደረገው የ20 ደቂቃ የደም ምርመራ

የሰሊጥ አረም እና አጨዳ ሲደርስ በርካታ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ወደ መተማ፣ ቋራ እና ምዕራብ አርማጭሆ ቆላማ አካባቢዎች ይወርዳሉ። ቀን በሣር እና በነዶ መካከል ይሠራሉ፤ ሌሊት በእርሻው ላይ መሬት ይተኛሉ። ለእባብ ንድፊያ ይበልጥ ከሚጋለጡት መካከልም እነዚሁ ሠራተኞች ይገኙበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያሰፈረው በ2009 ዓ.ም. ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ቋሚ የአካል ጉዳት የሚደርስባቸው ደግሞ የዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ናቸው።

የመርዝ ማርከሻው መድኃኒት ውድ ነው፤ በየጤና ተቋሙም አይገኝም። በሌላ በኩል የነደፈ እባብ ሁሉ መርዝ አያስገባም። ስለዚህ የጤና ባለሙያው በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ መርዙ በታካሚው ሰውነት ውስጥ ሥራውን ጀምሯል ወይስ አልጀመረም የሚለው ነው። ለዚህም ትልቅ ላቦራቶሪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

የአንዳንድ እፉኝቶች መርዝ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች አሟጦ ይጨርሳል። ታካሚው ደህና መስሎ ቢታይም ከድድ፣ ከቆየ ቁስል፣ ከሆድ ዕቃ ወይም ከአንጎል ውስጥ ሊደማ ይችላል።

ይህንን ለማወቅ ባለሙያው 2 ሚሊ ሊትር ያህል የደም ሥር ደም ይቀዳና በንጹሕ እና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ያስቀምጣል። ቱቦው ለ20 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ይቆይና አንድ ጊዜ ይዘነበላል። ደሙ ረግቶ ከያዘ መልካም ነው፤ እንደ ውኃ ከፈሰሰ ግን መርዙ የደም መርጋትን አዛብቷል ማለት ነው፤ ማርከሻ ያስፈልገዋል።

ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና ታጥቦ ከነበረ የጤናማ ሰው ደም እንኳ ላይረጋ ስለሚችል ውጤቱ ያሳስታል። ጥርጣሬ ካለ የጤናማ ሰው ደም በተመሳሳይ ቱቦ አድርጎ ማነጻጸር ይቻላል።

ደሙ ረጋ ማለት ግን አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። መርዙ ዘግይቶ ሊሠራ ስለሚችል ታካሚው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ክትትል፣ ምርመራውም መደጋገም ያስፈልገዋል። የማምባ እና የአንዳንድ ኮብራዎች መርዝ ደግሞ የሚያጠቃው ነርቭን በመሆኑ በዚህ ምርመራ አይታወቅም። የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻል እና የትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው።

ማርከሻው ሲሰጥ

ማርከሻው ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አድሬናሊን ተዘጋጅቶ በጤና ተቋም ብቻ ይሰጣል። መጠኑ የሚወሰነው በገባው መርዝ እንጂ በሰውነት ክብደት ስላልሆነ ለሕፃን የሚሰጠው ለአዋቂ ከሚሰጠው አያንስም። ከ6 ሰዓት በኋላ የደም ምርመራው ይደገማል፤ ደሙ አሁንም ካልረጋ ተጨማሪ ማርከሻ ይሰጣል። ደሙ የማይረጋ ታካሚ ጡንቻ ላይ መርፌ መወጋት የለበትም። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና አስፕሪንም የመድማት አደጋን ስለሚያባብሱ ለሕመሙ አይሰጡትም።

በቦታው ያሉ ሰዎች ምን ያድርጉ?

• የተነደፈውን ሰው ከእባቡ ያርቁ፤ ያረጋጉት፤ እንዲራመድም አያድርጉ።
• እብጠት ሳይጀምር ቀለበት፣ አምባር እና ጠባብ ጫማ ያውልቁለት።
• የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፈው እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉ።
• የተነደፈበትን ሰዓት ይያዙ፤ ለባለሙያውም ይንገሩ።
• በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ እና ባሕላዊ መድኃኒት መቀባት ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ ጊዜም ያባክናሉ።
• መርዝ ዓይን ውስጥ ከተተፋ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይጠቡ።
• እባቡን ለመግደል ወይም ለመያዝ አይሞክሩ፤ ሁለተኛ ሰው ሊነደፍ ይችላል።

በመንገድ ላይ ማስመለስ ከጀመረው በጎኑ አስተኝተው ያጓጉዙት። ማርከሻ የሚገኝበትን የቅርብ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ማወቅም ሰዓታትን ያተርፋል። የእርሻ ባለቤቶች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህንን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ማጓጓዣ ቢያዘጋጁ መልካም ነው።

ለመከላከል

ቡት ጫማ ማድረግ፣ ማታ የእጅ ባትሪ መያዝ፣ ነዶ ከማንሳት በፊት በዱላ መነካካት እንዲሁም በአልጋ ላይ መተኛት አደጋውን ይቀንሳሉ። ጠርዙ ከፍራሽ ሥር የተሸጎጠ አጎበርም እባብ ወደ መኝታ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ከወባ ትንኝም ይጠብቃል።