የትውልድን ዘር በቅዝቃዜ የማቆየት ታሪክ

ለካንሰር የሚሰጠው ኬሞቴራፒና ጨረር በሽታውን ሲያጠቃ ለመውለድ የሚያበቁትንም ሕዋሳት አብሮ የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት ከሞት የተረፈ ሕመምተኛ ልጅ የማግኘት ተስፋውን አጥቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህን ተስፋ ለማትረፍ የተከፈተው መንገድ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ ካልሆነው ከቅዝቃዜ ጥናት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ታሪኩን በአጭሩ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የችግሩ ምንጭ ውሃ ነው፤ በሕዋስ ውስጥ በረዶ ሲሆን ሕዋሱን ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ አገር ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አለን ፓርክስ የአውራ ዶሮን ዘር በቅዝቃዜ ለማቆየት የተሳካ ዘዴ አገኙ። ስኳር የሟሟበት ነው ብለው የተጠቀሙበት ጠርሙስ ምልክቱ ተሳስቶ ኖሮ ግሊሴሮል ሆኖ ተገኘ፤ ስሕተቱም መፍትሔውን አመጣ። በ1953 በአሜሪካ ሬይመንድ በንጅና ጀሮም ሸርማን በረዶ ሆኖ በቆየ የወንድ ዘር እርግዝና መገኘቱን አስታወቁ።

ቀጥሎ የተነሣው የፍጥነት ጥያቄ ነው። ፒተር ማዙር እንዳስረዱት፣ ቅዝቃዜው ሲፈጥን ውሃው ከሕዋሱ ሳይወጣ በውስጡ በረዶ ይሠራል፤ ሲዘገይ ደግሞ የጨው መጠን እየበረታ ሕዋሱን ይጎዳዋል። ልኩ በመገኘቱ በ1972 ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቆየ የአይጥ ሽል በሕይወት ተገኘ። በ1984 በሜልቦርን በቅዝቃዜ ከቆየ የሰው ሽል ሕፃን ተወለደች።

ለካንሰር ሕሙማን ታላቁ ምዕራፍ የተከፈተው በብራስልስ ነው። በ1997 ከአንዲት የሆጅኪን ሊምፎማ ሕመምተኛ፣ ኬሞቴራፒው ከመጀመሩ በፊት፣ ከእንቁላል ዕጢዋ ቁራጭ ተወስዶ በቅዝቃዜ ተቀመጠ። ከተፈወሰች በኋላ በ2003 ዣክ ዶኔና ባልደረቦቻቸው መልሰው ተከሉላት፤ በ2004 ሴት ልጅ ወለደች።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ዋና ትምህርት የቅደም ተከተል ነው። መሣሪያው ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሳይቀመጥ የቀረውን ሊመልስ አይችልም። በ2006 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች ጉዳዩን አስቀድመው ከሕመምተኛው ጋር እንዲነጋገሩበት ማሳሰቡ ስለዚህ ነው።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በቃሊቲ ለከብት እርባታ የሚውል የኮርማ ዘር ሲጠበቅበት ኖሯል። ከማቀዝቀዣው አስቀድሞ ግን፣ «ወደፊት ልጅ መውለድ ያስባሉን?» የሚለው ጥያቄ በሰዓቱ ሊጠየቅ ይገባል። ይህ ደግሞ ፈሳሽ ናይትሮጅንም ሆነ ሌላ መሣሪያ አያሻውም።