ያላዩትን አገር መጥራት፦ ፓቲ ስሚዝ፣ የዘፈን ድርሰቷና «ራዲዮ ኢትዮጵያ»



ዛሬ የማቀርበው የታሪክ ጥያቄ ከአንድ የሮክ አልበም ስም ይነሣል። በ1976 መጨረሻ ገደማ «ራዲዮ ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ያወጣችው ፓቲ ስሚዝ ናት። አልበሙን ስትሠራ አገራችንን አይታ አታውቅም ነበር። ታዲያ ይህን ስም ከየት አመጣችው? እኛስ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ሥራ በምን ዓይን እናንብበው? በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ፓቲ ስሚዝ በ1946 በቺካጎ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በፊላዴልፊያና በደቡብ ኒው ጀርሲ፣ በሠራተኛ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በወጣትነቷ በፋብሪካ ሠርታለች። በ1967 ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ በመጻሕፍት መደብር እየሠራች፣ እየሣለችና ግጥም እየጻፈች ኖረች። ወደ ሙዚቃ የገባችውም በግጥም በር ነው። በፌብሩዋሪ 1971 በኒው ዮርክ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግጥሟን ስታነብ ሌኒ ኬይ በኤሌክትሪክ ጊታር አጀባት። የኋላው ባንዷ ፍሬ የተዘራው በዚያ ምሽት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1974 በወጣችው የመጀመሪያ ሸክላዋ አንደኛው ገጽ ላይ የፋብሪካውን ሕይወት የሚተርክ ግጥም አለ፤ ስሚዝ በፒያኖ ታጅባ የምትናገረው እንጂ የምትዘፍነው አይደለም።

የድርሰት ስልቷን ለመረዳት በ1975 ከወጣው «ሆርስስ» ከተሰኘው የመጀመሪያ አልበሟ መጀመር ይገባል። የአልበሙ መክፈቻ «ግሎሪያ» ነው። ዘፈኑ የቫን ሞሪሰን ሲሆን፣ የቆመው በሦስት ኮርዶች ላይ ብቻ ነው። ስሚዝ አስቀድማ የጻፈችውን የራሷን ግጥም በዘፈኑ ፊት አስቀመጠች፤ ከዚያ ንግግሩ ቀስ በቀስ እየፈጠነ፣ ድምፁም እየጋለ ሄዶ ሁሉም ከሚያውቀው አዝማች ጋር ይገናኛል። ኮርዶቹ ጥቂት በመሆናቸው ቃሉ እንደ ልብ ይሰፋል፤ ሙዚቀኞቹም የቃሉን ትንፋሽ ይከተላሉ።

ይህ አሠራር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አዝማሪው በመሲንቆው አንድን ዜማ እየደጋገመ በዚያው ላይ ቃል ይጨምራል፤ የተቀበለውን ግጥም ያረዝማል፣ ይጠመዝዛል፣ ለተሰበሰበው ሰው እንዲስማማ ያደርጋል። ንጽጽሩ የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ስሚዝ ከአዝማሪ ተማረች ማለቴ አይደለም። በውስን ዜማ ላይ ሰፊ ቃል መጫን የአንድ ባህል ብቻ ሀብት አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

በ«ግሎሪያ» ሁለተኛ ቁም ነገር አለ። ዘፈኑ በወንድ አንደበት ስለ አንዲት ሴት የተጻፈ ነው። ስሚዝ ሴት በመሆኗ ተፈቃሪዋን ወደ ወንድ አልለወጠችም፤ እንዳለ ተቀበለችው። «እኔ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ ጾታ የለውም። እሷም ይህን ክፍት ስፍራ ተጠቅማ፣ የዘፈን ተራኪ የግድ ዘፋኙን መምሰል እንደሌለበት አሳየች። በዚያን ጊዜ በሮክ ሙዚቃ ውስጥ ሴት በአብዛኛው የምትዘፈንላት እንጂ የምትደርስ ተደርጋ አትታይም ነበር። ከዚህ አንጻር ስናየው ምርጫዋ ደፋር ነበር።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። ስሚዝ በአሥራ ስድስት ዓመቷ በፊላዴልፊያ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የአርተር ራምቦን መጽሐፍ እንዳገኘች፣ የምትገዛበት ገንዘብ ስላልነበራትም ደብቃ እንደወሰደችው በማስታወሻዋ ጽፋለች። ራምቦ ቅኔውን በሃያ ዓመቱ ገደማ ትቶ፣ በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ። እየወጣ እየተመለሰ እስከ 1891 በቡናና በቆዳ ንግድ ኖረ፤ በ1887ም ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አመጣ። በመጨረሻ እግሩ ታምሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ በዚያው ዓመት በማርሴይ ሞተ። ለስሚዝ «ኢትዮጵያ» ማለት ገጣሚ ዝም ያለበት ምድር ነው። የአልበሙ ማሳረጊያም «ራዲዮ ኢትዮጵያ»ን «አቢሲኒያ» ከተሰኘው ጋር ያያዘ ረጅም ሥራ ነው። በስቱዲዮ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ፣ ቃሉ በጊታር ጩኸት የሚዋጥበት ነው። ብዙ ሐያስያን በጊዜው አልወደዱትም።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊው ዝም ማለት የለበትም። በ1976 እውነተኛው የኢትዮጵያ ሬዲዮ የደርግን አዋጅና መግለጫ ያሰማ ነበር። አልበሙ በወጣበት ወቅት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የፖለቲካ ግድያ ተጀምሯል፤ ቀይ ሽብር በደጅ ነበር። በዚህ አልበም ውስጥ ያ ሁሉ የለም። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ታሪክ ምንጭ ሊሆነን አይችልም። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በዓለም ስለተጓዘበት መንገድ ግን ጥሩ ምንጭ ነው። በጃማይካ ራስ ተፈሪያውያን ዘንድ ስሙ የነጻነት ተስፋ ነበር፤ በኒው ዮርክ ለአንዲት ገጣሚ ደግሞ የጠፋ ድምፅ ማረፊያ ሆነ። ሁለቱም ስሙን እንጂ አገሩን አልያዙም። ይህን ስናገር ለወቀሳ አይደለም፤ ስምና አገር የተለያየ ታሪክ እንዳላቸው ለማሳሰብ ነው።

ስሚዝ ከዚያ በኋላም ስልቷን አዳበረች። በ1977 በፍሎሪዳ ከመድረክ ወድቃ አንገቷ ላይ ክፉኛ ተጎዳች። በ1978 ያወጣችው «ቢኮዝ ዘ ናይት» ዜማውና አዝማቹ የብሩስ ስፕሪንግስቲን ሲሆን፣ የቀረውን ግጥም እሷ የጻፈችው ኋላ ባሏ ከሆነው ከፍሬድ ስሚዝ ስልክ እየጠበቀች ነው። ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 13ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1980 አግብታ በሚሺጋን ልጆች እያሳደገች ከመድረክ ራቀች፤ ብዕሯን ግን አላስቀመጠችም። በ1988 ከባሏ ጋር የደረሰችውን የ«ፒፕል ሃቭ ዘ ፓወር»ን ሐሳብ ያቀረበላት ባሏ ነው፤ እሷ በማድ ቤት ድንች ስትልጥ ነበር። ባሏ በ1994 ካረፈ በኋላ፣ በ1996 በ«ጎን አጌን» ሐዘኗን ይዛ ተመለሰች። የወጣትነት ትዝታዋን የጻፈችበት መጽሐፍም በ2010 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጻሕፍት ሽልማት አግኝቷል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ ለማወቅ የቻልነው ስሚዝ ስለ ሥራዋ ራሷ ስለጻፈች፣ ሌሎችም ስለጠየቋትና ስለመዘገቡላት ነው። የትኛው ስንኝ በየት ምሽት እንደተጻፈ እናውቃለን። በዚያው ዘመን በክራሯና በትያትር ሥራዋ የምናውቃት አስናቀች ወርቁ እዚሁ አዲስ አበባ ነበረች። ግጥሞቿን እንዴት እንደምትሰካ፣ የተቀበለችውን ዜማ በምን እንደለወጠችው፣ በመድረክ ላይ ምን እንደጨመረች በዚሁ ዝርዝር የሚነግረን ሥራ የታለ? በእሷ ዘመን የሠሩ፣ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ መቅጃችሁን ይዛችሁ ወደ እነርሱ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።