ከሰም ጥቅልል እስከ ካሴት፦ የጎንደር ዜማና የድምፅ መሣሪያዎች

በጎንደር በዓታ ማኅሌት ሲቆም የሚሰማው ድምፅ ለማናቸውም የድምፅ መሣሪያ ከባድ ፈተና ነው። ከበሮው ከታች ያስገመግማል፤ ጸናጽሉ ከላይ ያቃጭላል፤ በመካከላቸው የመዘምራኑ ዜማ ይፈስሳል። በአቋቋም ትምህርት በታወቀችው በዚህች ከተማ ያደገ ጆሮ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ወዲያው ይለየዋል። ነገር ግን የድምፅ መቅረጫዎች ከመነሻቸው ጀምሮ አንዱን ሳያጎድሉ የቀሩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ጥቅልል የተቀረጸ መልእክት ላኩ። ጥቅልሉም ከተሰማ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ ተሰበረ። በተከታዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዚያው ዘዴ መልስ ሰጡ። ከሰሜን መሳፍንት ዘር የሚወለዱት ጣይቱ በገና ደርዳሪ እንደነበሩ ይነገራል፤ በሰሙ ላይ የቀረው ግን ንግግራቸው ብቻ መሆኑ ያስቆጫል።

በ1908 ደግሞ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ለመማር ጀርመን በሄዱበት ወቅት ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከሸክላ ዘፋኞቻችን ቀዳሚው የሞተር ተማሪ መሆናቸው መሐንዲሶችን ደስ ሳያሰኝ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነበር፤ ዘፋኙ ወደ ጡሩምባ መሰል ቀንድ ይዘፍናል፣ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውም የድምፁ ግፊት ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ የሚያልፈው ከ200 እስከ 2,500 ሄርዝ ገደማ ሲሆን፣ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ግን እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል። ይህ ለማሲንቆ ትልቅ ጉዳት ነው። የማሲንቆ አውታርም ሆነ የደጋኑ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ በጭራ ሲፈገፈግ የሚወጣው ሻካራ ትንፋሽ ከዚያ ወሰን በላይ ይዘልቃል። እርሱ ሲቆረጥ የሚቀረው ዋሽንት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ነው።

በ1925 የኤሌክትሪክ ቀረጻ መጣ። በ1969 አምኃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያቸውን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በ1970ዎቹ ዓመታት ግን ካሴት ሸክላን እየተካ ሄደ፤ ርካሽና ቀላል በመሆኑም ዘፈንን እስከ ገጠር አደረሰ። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ የሽሽታ ድምፅ አይለየውም። ሽሽታውን ለመሸሽ ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንስ አድማጭ ጸናጽሉንም አብሮ ይቀንሳል። ያለ ዶልቢ የተቀረጸ ካሴት ዶልቢው ተከፍቶ ሲሰማም እንዲሁ ይደነዝዛል።

ዛሬ ጥሩ ማጫወቻ፣ ማጉያና ስፒከር ያለው ሰው በደህና ከተቀረጸ ሸክላ የደጋኑን መመለሻ ሳይቀር ይሰማል፤ ደስታውም ታላቅ ነው። የድሮ ቅጂዎች ወደ ዲጂታል ሲዛወሩ ግን አዲስ አደጋ አለ። በበገና አውታርና በመቀመጫው መካከል የሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች የሚያሰሙት ዝዝታ ራሱ የበገናው ድምፅ ነው፤ የማጽጃው ፕሮግራም ግን ጉድለት መስሎት ሊፍቀው ይችላል። አንድ ጊዜ የተፋቀውን ደግሞ የቱንም ያህል ውድ የሆነ ስፒከር አይመልሰውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገለበጠው ቅጂ በ96 ኪሎ ሄርዝና በ24 ቢት፣ ከነጭረቱና ከነሽሽታው ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ማጽዳት የፈለገ በሌላ ቅጂ ላይ ይሞክር።