መቁጠሪያ ከወዴት መጣ?

በላፍቶ አካባቢ ስንዘዋወር ሁለት ዐይነት መቁጠሪያ አየን። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከዕጣንና ከመስቀል ጋር የሚሸጠው፣ ከእንጨት የተሠራው የአባቶቻችን መቁጠሪያ ነው። ሁለተኛው በአንድ የጌጣጌጥ ሱቅ መስተዋት ውስጥ የተሰቀለ፣ ከልዩ ልዩ የከበረ ድንጋይ የተሰካ የእጅ አምባር ነው። ሻጩ «የቡድሃ መነኮሳት የሚጸልዩበት ነው» አለን፤ ቀጥሎም «የእኛውም መነሻው ከዚያው ከሕንድ ነው» ሲል አከለበት። ይህን አባባል ከሌሎችም ሰምተነው ስለ ነበር እውነትነቱን ለመመርመር አሰብን።

በቡድሃ ሃይማኖት መቁጠሪያው «ማላ» ይባላል፤ ሙሉው 108 ፍሬ አለው። ቍጥሩ ሰውን አስረው የሚይዙትን 108 ምኞቶች ያመለክታል ይላሉ። በእጅ የሚታሰረው አጭሩ ብዙ ጊዜ 27 ወይም 18 ስለ ሆነ፣ አራት ወይም ስድስት ጊዜ ሲዞሩት 108 ይሞላል። በቻይንኛ የሚገኝ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ቡድሃ አንድን ንጉሥ 108 የሳሙና ዛፍ ፍሬ በክር ሰክቶ እንዲይዝ እንደ መከረው ይተርካል። (ፍሬው እንደ እንዶዳችን ለልብስ ማጠቢያ ያገለግላል፤ ዛፉ ግን ሌላ ነው።) በታሪኩ የተነገረው ፍሬ እንጂ ዕንቍ አይደለም።

የእኛ መቁጠሪያ ቍጥር ከዚህ ጋር አይገጥምም። የተለመደው 41 ወይም 64 ነው። 64ቱ የእመቤታችን ዕድሜ ነው፤ በአባት በእናቷ ቤት 3፣ በቤተ መቅደስ 12፣ ከልጇ ጋር 34፣ ከዮሐንስ ጋር 15 ዓመት። 41ዱን የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም ትቈጥረዋለች፤ 39 ግርፋት፣ አንድ የእሾህ አክሊል፣ አንድ ጦር ብላ ትተረጕመዋለች። የሙስሊሞቹ ሙስበሃ ደግሞ 99 ወይም 33 ነው።

የሕንድን መነሻነት ለሚደግፍ ሰው ግን ሁለት ጠንካራ የሚመስሉ ማስረጃዎች አሉ። በ1940 እ.ኤ.አ. በደብረ ዳሞ ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ከነዚህም መካከል የቡድሃ ሃይማኖት ደጋፊ በመሆኑ ስሙ የሚነሣው የካኒሽካ ይገኝበታል። ይሁን እንጂ ወርቅ በነጋዴ ከረጢት ይመጣል፤ የጸሎት ሥርዐት ይዞ መምጣቱን አያስረዳም።

ሁለተኛው የበለጠ ያስደንቃል። ትውልዳቸው ከየመን የሆነው፣ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተረጐሙ። ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በአዳራሽ ተዘግቶበት ያደገው የንጉሥ ልጅ ይዋስፍ፣ በመሠረቱ ቡድሃ ራሱ ነው። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የማዕረግ ስም በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ በዚያ ጽሕፈት «በ»ና «የ» በነጥብ ብቻ ስለሚለያዩ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ። እንዲህ ሲሆን የቡድሃ ታሪክ በገዳሞቻችን ሲነበብ ኖሯል ማለት ነው። ነገር ግን መነኮሳቱ ያነበቡት እንደ ክርስቲያን ቅዱስ ገድል ስለ ሆነ፣ ከታሪኩ ጋር የቡድሃን ጸሎት ተቀበሉ ለማለት አንደፍርም።

ከዚህ ይልቅ ወደ ግብፅ በረሃ ማየት ይሻላል። በአራተኛው መቶ ዓመት በዚያ የነበረው መነኵሴ ጳውሎስ በየቀኑ 300 ጸሎት ያደርስ ነበር፤ እንዳይሳሳትም 300 ጠጠር በእቅፉ ይዞ አንድ በጸለየ ቍጥር አንዷን ይጥል ነበር። ምንኵስናችንም ሆነ 41ዱ ቍጥር ከግብፅ ጋር የተዛመደ ስለ ሆነ፣ እኛ ወደዚህ እናዘነብላለን።

ስለ ድንጋዩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ የሚወጣው ኦፓል ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ገበያ ታውቋል። ከዚሁ ብዙው ሳይሠራ ወደ ሕንድ ጃይፑር ሄዶ እዚያ ይቈረጣል፣ ይበሳል፣ ዶቃ ይሆናል። ትርፉም እዚያው ይቀራል። ወደ ሱቁ ተመልሰን ከአምባሮቹ በአንዱ ላይ ያለውን ነጭ ድንጋይ ጠየቅን። ሻጩ «የውጭ ነው» አለን። የወሎ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ መልኩ ይለወጣልና ጥቂት እንንከረው ብንለው፣ ካልገዛችሁ አይሆንም አለን።